ጾሙን እኔ፣ ጉርሻውን እሷ

እናቴ «መርፌ ጾም ይፈታል?» ብላ ስትጠይቀኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ወደ ጊንጪ የሚሄደው የማለዳ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው፤ እሱ ከአምቦ መናኸሪያ አንዴ ከወጣ ቀጣዩ እስኪሞላ ፀሐይ አናት ላይ ትደርሳለች። «መርፌ ምግብ ነው እንዴ፣ እማዬ? አይፈታም» አልኳትና በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኋትም።

ሥራዬ የላቦራቶሪ ባለሙያነት ነው። ጊንጪ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት እየወጋሁ የስኳር መጠን እለካለሁ። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ሁሉ፣ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ የምለው አንድ ነው፦ መርፌውን ከወጉ በኋላ ሳይበሉ እንዳይቆዩ፣ ስኳርዎ ይወርድና ይጥልዎታል። በአማርኛም እለዋለሁ፣ በኦሮምኛም እለዋለሁ፣ በእንቅልፌም ሳልለው አልቀርም። ያልነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል።

እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይቷል፤ ግን ከኪኒን ወደ መርፌ የተዛወረችው በዚያ ዓመት ከገና በኋላ ነበር። ከመርፌ ጋር ያገኛት የመጀመሪያው ጾም ሁዳዴ ሆነ። እሷ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ናት። ሐኪሙ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተወጊ ብሏታል፤ ትወጋለች። ቤተ ክርስቲያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ ብላታለች፤ ትጾማለች። ልጇ ደግሞ ሁለቱ አይጣሉም ብሏታል። ሦስታችንንም ታዘዘች። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ቆማ ሳለች ወደቀች።

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች መንፈስ ነው ብለው ጠበል ረጩባት። እሷ በላብ ተጠምቃ፣ እነሱ ደግሞ ከላይ ይጨምሩባታል። ደግነቱ አንዲት ባሏ ስኳር ያለበት ሴት መንቀጥቀጧን አይታ ነገሩ ገባትና ከደጀ ሰላሙ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ስኳር አምጥታ፣ በውሃ በጥብጣ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረገችላት። ለእኔ ሲደወልልኝ እናቴ ዓይኗን ገልጣ «ቅዳሴው አለቀ?» እያለች ነበር።

ከጊንጪ አምቦ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ስደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታጥፋለች። ደህና መሆኗን እንዳየሁ ፍርሃቴ ወደ ቁጣ ተገለበጠ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሰው የምወደው እየጮኽኩበት ነው።

«ልትሞቺ ነበር እኮ! መርፌ ወግተሽ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳትበዪ? ስኳር ሲወርድ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መቅመስ አለብሽ፤ ስኳር በውሃ፣ ማር፣ የተገኘውን! ይኼን ማን ያጣዋል?»

«አንተ አይደለህ አይፈታም ያልከኝ?» አለችኝ።

ልትከሰኝ አልነበረም። ነገሩን ለማጣራት ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ የባሰውም እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን ጥፋቱን በጩኸት ልሸፍነው ሞከርኩ። ከነገ ጀምሮ በጠዋት ትበያለሽ፣ አለቀ አልኳት። አልበላም አለችኝ። እናቴ ክርክር አትወድም፤ እምቢ ስትል ግን የቤቱ ምሰሶ ይነቃነቃል እንጂ እሷ አትነቃነቅም።

በማግስቱ መርፌውን ተወችው። መርፌውና ጾሙ ካልተስማሙ መርፌው ይቅር ነው ሐሳቧ። ማታ ስመጣ ጣቷን ወግቼ ለካኋት፤ ስኳሯ ሽቅብ ወጥቷል። በነጋታው ማታ ይበልጥ ወጣ። እንግዲህ ወይ ወርዶ ይጥላታል፣ ወይ ወጥቶ ይገድላታል፤ ማምለጫው በጠዋት የምትበላው ቁርስ ብቻ ነው። ተማጸንኳት፣ አኮረፍኳት፣ ያልሞከርኩት ነገር የለም። በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «እሺ ለምን? ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

«ሰባት ሰዓት ገደማ ይመጣል» አለችኝ።

«ማን?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

ስለ ጎረቤት ሰው የምታወራ ነው የምትመስለው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቀኑን ብቻዋን ነው የምትውለው፤ እኔ በማለዳ ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። ቤቱ ጭር ሲል፣ ሆዷን ሲሞረሙራት፣ ያኔ ይመጣል አለችኝ። መጥቶ ምን ያደርጋል አልኳት። «ይቀመጣል» አለች። የት እንደሚቀመጥ ልጠይቃት ብዬ አፈርኩ። «እኔ አወራዋለሁ፤ እሱ ብዙም አያወራ። ያባትህን ነገር አነሳለታለሁ፣ ያንተን ሚስት አለማግባት አነሳለታለሁ። ጠግቤ ስቀመጥ ግን ወይ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ወይ ሰው አማለሁ። ተርቤ ስጠብቀው ነው የሚገባው። አሁን በጠዋት በልቼ ብቀመጥ ምኔን ብሎ ይመጣል?»

እኔ በዚያን ጊዜ የምጾመው በስም ነበር። ሥጋና ወተት አልነካም፤ በጠዋቱ ግን ጊንጪ ስደርስ ፉሌን በዳቦ ጠርጌ ነው ሥራ የምገባው። እግዚአብሔር እንዳለ አምናለሁ፤ የማምነው ግን መንግሥት እንዳለ እንደማምነው ነው። አለ፣ ቤቴ ግን መጥቶ አያውቅም። እናቴ ደግሞ በሰባት ሰዓት ታገኘዋለች፣ እሱን እንዳታጣ ልትሞት ተዘጋጅታለች። ቀናሁባት ብል ውሸት አይሆንም።

ቅዳሜ የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። ጉልበታቸው የታመመ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባጃጅ የወረዱት ሾፌሩን «አንተ ልጅ፣ ለፍርድ ቀን ነው የምትቸኩለው?» እያሉ ነው። ሻይ እንኳን ሳይቀርብላቸው ነገሩን ዘረገፍኩት፤ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ መውደቋ፣ ስለ እምቢታዋ። «ሕመምተኛ ጾም የለበትም ብለው ይንገሩልኝ» አልኩ።

«ሕመምተኛ ጾም የለበትም» አሏት አባ።

«አውቃለሁ አባ። እሱ ለሌላው ነው» አለች።

አባ ፈገግ አሉና ምን እንደምትፈራ ጠየቋት። ለእኔ የነገረችኝን ደገመችላቸው፤ ያለ እፍረት፣ እስከ ሰባት ሰዓቱ ድረስ። እሳቸው አልሳቁም፣ አልገሰጿትም። ጢማቸውን እንደያዙ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ፉሉ ከጊንጪ ድረስ የሸተታቸው መሰለኝ።

«እንግዲያው ስሙኝ» አሉ። «የእሷን ጾም አንተ ትጾማለህ። ጠዋት መርፌዋን ከተወጋች በኋላ በእጅህ ታጎርሳታለህ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንተ እህል ውሃ አትቀምስም። እሷ ደግሞ ያንተን ቁርስ ትበላለች። ቀኖናችሁ ይኼ ነው፣ የሁለታችሁም።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «እሱስ፣ አባ?» ስትል የእኔ መራብ እንዳላሳሰባት ሁላችንም ገብቶናል። የሚመጣባትን እንግዳ ነው የጠየቀቻቸው።

«እሱ መንገዱን ያውቃል» አሏት።

ሰኞ ጠዋት ተጀመረ። ከሌሊት ልብሴ ሳልወጣ ሽሮ አሞቅኩ፣ እንጀራ ፈተፈትኩ፣ እሷ መርፌዋን ሆዷ ላይ ወጋች። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ድሮ ጥልፍ ትጠልፍ ነበርና መርፌ አትፈራም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳቀርብላት አፏን ከፈተች፣ ዓይኗን ግን ጨፈነች። እያለቀሰች ነው የዋጠችው። አሮጊት እናቱን እያጎረሰ የሚያስለቅስ ልጅ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቢሆንም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን አከልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን ስንለምደው ግን ምላሷ ተመለሰ፤ «ሰው ነኝ ወይስ ጎተራ? ቀንሰው!» ትለኝ ጀመር።

የእኔ ጾም እንደ እሷ ጾም አላማረም። ሚኒባሱ ጊንጪ ሲገባ መስኮቱን የሚከቡት ሻጮች ድሮ ዓይኔም አይገቡም ነበር፤ አሁን የተቀቀለው ድንች፣ የተጠበሰው በቆሎ፣ ቆሎው፣ ሁሉም በስሜ የሚጠራኝ ይመስላል። እሷ ያለችኝን ሰባት ሰዓት ጠበቅኩ፣ ምን እንደሚመጣ ለማየት። የመጣው ራስ ምታት ነው። አጠገቤ የምትሠራው ነርስ «ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ልትጮህ ነው?» እያለች ትሸሸኝ ጀመር፣ እውነቷን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን፣ እዚያው ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ ከካቺሲ በኩል የመጣች አንዲት ባልቴት ፊቴ ተቀመጠች። ልጇን ልትጠይቅ ጊንጪ መጥታ ነው ያመማት። ጣቷ በሥራ ብዛት ደንድኖ መርፌዬ አልገባም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተናድጄ ሁለተኛ ወጋ አደርጋት ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበቱም አልነበረኝ። እጇን በሁለት እጄ ይዤ እስኪሞቅ ድረስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሷም እጇን አልሳበችም። ውጭ ሰው ይጮኻል፣ መኪና ያልፋል፤ እኛ ያንን እጅ ይዘን ተቀምጠናል። እግዚአብሔር መጣ አልልም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ለማለት አልደፍርም። ግን ከዚያ በፊት በዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሠርቼ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሆኖ የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ ማታ ለእናቴ ልነግራት ቸኮልኩ።

ስነግራት ፊቷ በራ። እኔም በደስታዬ ላይ «አንቺስ? ይመጣል?» አልኳት።

«አይመጣም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም። ጠግቤ እቀመጣለሁ፣ ቤቱ ጭር እንዳለ ይመሻል።» ቅሬታ አላሰማችም፤ የአየር ሁኔታ የምትናገር ነው የምትመስለው።

«ታዲያ ለምን ትበያለሽ?»

«አንተ ተርበህልኝ እኔ እንዴት አልበላም?» አለችኝ።

ሕይወቷን አተርፋለሁ ብዬ ጓደኛዋን ነው የቀማኋት። እኔ የቀመስኩት ትንሽ ነገር ከእሷ ድርሻ ላይ ተቆርሶ የተሰጠኝ መሰለኝ። ልመልስላት አልችልም፤ ብመልስላት ትሞታለች። አባን ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ እሱ መንገዱን ያውቃል ነው የሚሉኝ፣ እኔ ደግሞ መንገዱን ስቶት ከሆነስ እያልኩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን ልናገር። አጥር የምንጋራት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ፕሮቴስታንት ናት፣ ቤቷም አፏም ኦሮምኛ ነው፣ ከእናቴ ጋር ሲሆኑ ሁለቱን ቋንቋ እያደባለቁ ይውላሉ። እናቴን «ሃርሜ» ትላታለች፤ እናቴ ማለት ነው። እኔና እሷ ግን ብዙም አንስማማም። ዶሮዎቿ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ የእናቴን ጤና አዳም ይጭራሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ይቅርታ ትላለች፣ በሳምንቱ ይደገማል። እናቴ ትወዳታለች፤ በጾም ግን ከቤቷ ምንም አትቀምስም። «ድስቷ ቅቤ ለምዷል» ትላለች። ሴትዮዋም ታውቃለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ሰላምታ እንጂ ሳህን አትልክም። እንዲህ ተከባብረው ስንት ዓመት ኖረዋል።

ያን ጊዜ መንገድ በድንጋይ የሚዘጋበት ዘመን ነበር። የእኛ አገር ሰው ጠዋት ሲወጣ «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይወጣም። በጾሙ ስድስተኛ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ክፍት ነበር፣ እናቴን አጉርሼ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ከጊንጪ ልወጣ ስል ተዘግቷል። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ሚኒባሶቹ ጠፉ፣ ስልኩም ጸጥ አለ። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። ጤና ጣቢያው ውስጥ አደርኩ።

ያሳበደኝ አንድ ነገር ነው። እናቴን አውቃታለሁ። አባ «በእጅህ ታጎርሳታለህ» ብለዋል፤ እሷ ደግሞ የተባለችውን ቃል በቃል ነው የምትይዘው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን መርፌዋን ትወጋለች፣ ምክንያቱም ተብላለች። ከዚያ እኔን ትጠብቃለች፣ ምክንያቱም ተብላለች። ምግቡ ምድጃው ላይ ቢሆን እንኳን ራሷ አንስታ አትበላም። እንደ መጀመሪያው ቀን ትወድቃለች፤ አሁን ግን ዙሪያዋ ምእመን የለም፣ ባዶ ቤት ነው።

ሐሙስ ሲነጋ በእግሬ ወጣሁ። የመጀመሪያው የድንጋይ ክምር ላይ ወጣቶች መለሱኝ፤ ለመንኳቸው፣ ከዚያ ጮኽኩባቸው፣ እሱም አላዋጣኝም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ እዚያው እንደ ታሰረ ውሻ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ሲለቁኝ ሮጥኩ፣ ሲደክመኝ ተራመድኩ፣ መሐል ላይ አንድ ባለ ጋሪ ጥቂት መንገድ ወሰደኝና ፈረሱ ደከመ ብሎ አወረደኝ። በመንገዱ ሁሉ የተናገርኩት ስድብ ብቻ ነው። መንገድ የዘጉትን፣ ስልክ የዘጉትን፣ አባን ከነቀኖናቸው፣ ራሴን ከሁሉም በላይ ሰደብኩ። ከማማረር በቀር ወደ ሰማይ ያልኩት አንድም ነገር አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አምቦ ገና ሩቅ ነበር። ጾሜን የምፈታበት ሰዓት ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነርሷ የሰጠችኝ ቆሎ አለ። ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አንድ ዝግን አወጣሁና አፌ አላስገባው አለ። እሷ መብላቷን ሳላውቅ እንዴት ልብላ? ቆሎውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ አልደረስኩም። አንተ አጉርሳት» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። በሕይወቴ እንደ ሰው ለሰው አድርጌ ያናገርኩት ያን ጊዜ ነው። ቆሎውን ወደ ኪሴ መልሼ ተነሣሁ።

አስራ አንድ ሰዓት አልፎ ከግቢያችን በር ስደርስ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የሰው ድምፅ፣ ሁለት ሰው። በሩን ገፍቼ ገባሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጎረቤታችን አጠገቧ። መሐላቸው ጠርዙ ላይ ገንፎ የደረቀበት ባዶ ሳህን አለ።

«መጣህ?» አለች እናቴ፣ ሱቅ ደርሼ የተመለስኩ ይመስል።

የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። መንገዱ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ቤቷ ነበረች፤ ጠዋት ዶሮዋ እንደ ልማዷ በቀዳዳው ሾልካ ጠፋችባት። «አንተ እንዳትጮህብኝ ብዬ ሳትመጣ ላወጣት ገባሁ» አለችኝ። ሃርሜ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። «አከም ቡልተኒ» ብትላት፣ እንዴት አደሩ ብትላት፣ መልስ የለም። ጠጋ ስትል ፊቷ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «ያን ጊዜ ያንተ ጩኸት ትዝ አለኝ» አለች። «ስኳር ሲወርድ ጣፋጭ፣ ስኳር በውሃ እያልክ ስትጮህ ግቢያችን ድረስ ሰምተን ነበር።» ሮጣ ስኳር በጥብጣ ሰጠቻት። ትንሽ ነፍሷ መለስ ሲል የሚበላ ነገር ፈለገች፤ የእኛን ማጀት አታውቀውም፣ እሷ ቤት ግን ለልጆቿ የተሠራ ገንፎ ምድጃ ላይ ነበር። አመጣችው። እናቴ እጇን አላነሳችም። እሷም አልጠየቀቻትም፣ «ኛዻ፣ ሃርሜ፣ ኛዻ»፣ ይብሉ፣ እናቴ፣ ይብሉ እያለች በእጇ ማጉረስ ጀመረች።

«ግማሹን ከበላች በኋላ ነው ያየሁት» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «መሐሉ ላይ ቅቤ አለ! በሁዳዴ! ሃርሜን ጾም አስገደፍኳት ብዬ ልወስደው ስል ሳህኑን ያዘችብኝ።»

«ልቀቂው አልኳት» አለች እናቴ። «ምን ላድርግ፣ ጣፍጦኝ ነበር።»

ጎረቤታችን ሳቀች፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ለዓመታት በቀረበች ቁጥር እንደ ጠላት የማያት ዶሮ፣ የማፍርበት የራሴ ጩኸት፣ በስህተት የገባ ቅቤ፤ እናቴን ያተረፏት እነዚህ ናቸው። ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። ሞቅ ያለ ነው።

«ፈርተሽ ነበር?» አልኳት።

«መጀመሪያ አንተ ቀርተህ ፈራሁ። በኋላ ጨለመብኝ፤ ማን እንዳለ አላውቅም፣ ቤቴ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም። እጅ ብቻ ነው ያየሁት። ትኩስ ነገር ይዞ ወደ አፌ የሚመጣ እጅ።» ቀስ ብላ «መጣ፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔ ተርቤ ካልጠበቅኩት የማይገባ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያጎረሰም ይመጣል።»

ጎረቤታችን አንገቷን ደፍታ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። እኔም ያልኩትን ልነግራቸው ፈለግኩ፤ ባሕር ዛፉን፣ ቆሎውን፣ አንተ አጉርሳት ማለቴን። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ገንፎውን ስታመጪላት ስንት ሰዓት ነበር?» ብዬ ጎረቤታችንን ጠየቅኳት።

«ሦስት ሰዓት ገደማ።»

እኔ የለመንኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይቻለሁ። ናሙናው ሳይሰጥ ውጤቱ ወጣ እንደማለት ነው፤ በእኔ ሥራ ይኼ አይሆንም። ይኼንኑ ለእናቴ እየሳቅኩ፣ እያፈርኩም ነገርኳት። «እኔ እኮ እማዬ፣ አጉርሳት ብዬ የለመንኩት አንቺ በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው። እስከዚያ ስሳደብ ነው የቆየሁት» አልኳት።

እናቴ አቧራ የለበሰ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አየችኝ።

«ታዲያ አንተ ስለዘገየህ እሱም ይዘግይ?» አለችኝ።

ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ ጥዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጎረቤታችንም ሳታፍርብኝ አጠገባችን ተቀምጣ ቆየች።